ለዘመድ ጥየቃ ስትወጡ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?



ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ልጆች ቤት ውለዋል፣ አባት ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቋል፣ እናትም «ዘንድሮ እንኳ አገር ቤት ደርሰን እንምጣ» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ብዙዎቻችሁ በዚህ ክረምት ሚኒባስ ተኮናትራችሁ ወይም የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ ወደ ወሎ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ስልጤ፣ ወደ ሐረር ትወጣላችሁ። የዛሬው የጁሙዓ ትምህርታችን ለእናንተ ነው።

ዝምድናን የመቀጠልን ትሩፋት ታውቁታላችሁ። ሲሳዩ እንዲሰፋለትና ዕድሜው እንዲረዝምለት የሚፈልግ ሰው ዝምድናውን እንዲቀጥል ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መምከራቸውን አነስ አስተላልፈውልናል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ይሄን በየኹጥባው እንሰማዋለን። ብዙም የማይነሳው ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር ያስተላለፉት፣ ቡኻሪ ዘንድ ያለው ሐዲስ ነው። መልእክቱ እንዲህ ነው፦ ዝምድናን ቀጠለ የሚባለው የጠየቀውን ሰው መልሶ የሚጠይቅ ሳይሆን፣ ዘመዶቹ ሲቆርጡት እሱ የሚቀጥል ነው።

እስቲ የጉዟችንን ፕሮግራም በዚህ እንመዝነው። የት የት ነው የምናድረው? እልል ብለው የሚቀበሉን ቤት፣ ሰፊ ሳሎን ያለበት ቤት፣ ልጆቻችን የሚጫወቱባቸው እኩዮች ያሉበት ቤት። በመሐል ዝም ብለን የምናልፈው አንድ ቤት አለ። «ጊዜ የለንም» እንላለን። «በመመለሻችን» እንላለን። ስንመለስ ደግሞ ይመሻል። የትኛው ቤት እንደሆነ እያነበባችሁ ሳለ ትዝ ብሏችኋል ብዬ እገምታለሁ።

እኔ የማውቀው የወሎን መንገድ ስለሆነ በእሱ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ሱብሒ ሰግዶ የተነሳ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ቁርሱን ይበላል። ጣርማ በር በክረምት ጭጋግ ነው፤ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ገብታችሁ ስትወጡ ከፊታችሁ ያለው መኪና አይታይም፣ ሹፌሩን አታስቸኩሉት። ከዚያ ቁልቁለቱን ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሹራብ ይወልቃል። ከሚሴን አልፋችሁ ኮምቦልቻ፤ ወደ ግራ ሽቅብ ደሴ፣ ወደ ቀኝ ቁልቁል ባቲ። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሰላም ካልሆነ ነፍስን አደጋ ላይ መጣል ዒባዳ አይደለም፤ ስልክ ደውሉ፣ የምትልኩትን ላኩ፣ ኒያችሁን ያዙ።

የሶላቱን ነገር ባጭሩ፦ 80 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ የሚሄድ ሰው በብዙኃኑ ዑለማዎች ዘንድ ሙሳፊር ነው፤ ዙሁርን፣ አስርንና ዒሻን ሁለት ሁለት ረከዓ ይሰግዳል። ከአገሬው ኢማም ኋላ ከሰገደ ግን ይሞላል። አንድ ቦታ ለመቆየት ሲወስን በሻፊዒዮች ዘንድ ከገባበትና ከሚወጣበት ቀን ሌላ አራት ሙሉ ቀን፣ በሐነፊዮች ዘንድ 15 ቀን ሲሆን ማሳጠሩ ይቀራል። ዘመዶቻችሁ የሚከተሉትን ስለማታጡት እዚያው ጠይቁ፤ በየመንደሩ መስጊድ የሚያስተምሩ ሼኾች አሉ። ጁሙዓ መንገድ ላይ ካገኛችሁ ግዴታ የለባችሁም፣ ከሰገዳችሁት ግን በዙሁር ፋንታ ይበቃችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ ለከተሜዎች የዕረፍት ወራት ናቸው። ለገበሬው ዘመዳችን ግን ጎተራው የሚጎድልበት ጊዜ ነው። ያለፈው አዝመራ እያለቀ ነው፣ አዲሱ ገና ቡቃያ ነው፣ አረሙ ደግሞ ሰው ይፈልጋል። እዚህ መሐል ነው ስምንት ሆነን ከመኪና ዱብ የምንለው። አጎትየው ፈገግ ብለው ይቀበሉናል፤ ማታ አንዲቷ ፍየል ትታረዳለች። እኛ «የአገር ቤት ሥጋ እኮ!» እያልን እንበላለን፣ እሳቸው ያቺን ፍየል ለመስከረም የልጆች ደብተርና ልብስ አስበዋት እንደነበር ሳናውቅ። እንግዳ የሚስተናገደው ሦስት ቀን እንደሆነ፣ ባለቤቱን እስኪያስጨንቅ ድረስ መቆየትም እንደማይፈቀድለት የሚናገረውን ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እኛ ግን የእንግዳን መብት እንጂ የባለቤቱን አናነብም።

ስለዚህ ጤፉን ተሸክማችሁ ሂዱ። ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና። በግ ከመንገድ ላይ ገበያ ግዙና ይዛችሁ ግቡ፤ ሰኞ ባቲ የምትደርሱ ከሆነ ገበያው ላይ አታጡም። ለባለቤቷ ስትሰጡ ልጆች ፊት አይሁን፣ ጎረቤት ፊትም አይሁን። ከዚያ አንዱን ቀን እንደ እንግዳ አትቀመጡ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አረም ውረዱ። እጃቸው ሊላጥ ይችላል፣ ምንም አይሆኑም።

ወሎ የሚሄድ ሰው ሌላም ነገር ያጋጥመዋል፦ ክርስቲያን አክስት፣ ክርስቲያን የአጎት ልጅ። «እነሱ ቤት ልንገባ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት በዝቷል። የአቡበክር ልጅ አስማእ ሙሽሪክ የነበረች እናቷ ልትጠይቃት ስትመጣ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማከረች፤ እናቷን እንድትቀጥላት ነገሯት። ይህ በቡኻሪም በሙስሊምም ያለ ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን ያስፈልጋል? ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ፍልሰታ ይጾማሉ፤ ሽሮውን አብራችሁ በሉ፣ የእርድ ጥያቄም አይነሳም። የወሎ ሰው በሌላውም ጊዜ ቢሆን ለእንግዳው የሚያርድለት የራሱን ሰው ጠርቶ ነው፤ ይሄን ከእኛ በፊት ያውቁበታል።

ይሄን ሁሉ የምነግራችሁ አዋቂ ሆኜ አይደለም። የእኛ ቤተሰብ ከባቲ ወጣ ብላ ያለች መንደር ውስጥ የምትኖር የአባቴ እህት አለችን። በየሁለት ዓመቱ እንሄዳለን። 10 ኪሎ ስኳር፣ 5 ኪሎ ቡና፣ አንድ ሻሽ ይዘን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ዱዓ ተደርጎልን እንመለሳለን። በዚህም ዝምድና ቀጣዮች ነን ብለን እናስብ ነበር።

አምና ቡና እየተጠጣ ትልቁ ልጄ፣ 14 ዓመቱ ነው፣ አክስታችንን ስለ አያታችን የኮምቦልቻ ቤት ጠየቃቸው። በ1996 ዓ.ም በ60,000 ብር እንደተሸጠ ነገሩት። መድረሳ ውስጥ ፈራኢድ መማር ጀምሮ ስለነበር ከሰፌዱ ላይ ቆሎ አንስቶ መቁጠር ያዘ። ሚስት ቀድማ ሞታለች፣ ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት። ለወንዶቹ ሁለት ሁለት፣ ለሴቷ አንድ፤ በጠቅላላው አምስት። «እማማ፣ የእርስዎ 12,000 ብር ነበራ! ምን አደረጉበት?» አላቸው።

ማንም አልመለሰለትም። አባቴና አጎቴ 30,000 ፣ 30,000 ተካፍለው ነበር። አክስታችን ጀበናውን አስተካከሉና «ተው ልጄ፣ ወንድሞቼ ናቸው፤ አውፍ ብያለሁ» አሉ።

አውፍ ማለታቸው እውነት ነው። ግን መቼና እንዴት እንዳሉ አስቡት። ሴት ልጅ ድርሻዋን ከጠየቀች ወንድሞቿን ከሰሰች ይባላል፣ ባሏ ቢፈታት የምትመለስበት ቤት አይኖርም። ይሄን እያወቀች የተናገረችው አውፍ ከልብ ነው ማለት ይቻላል? የሰው ገንዘብ የሚፈቀደው በነፍሱ ፈቃድ ሲሰጥ ነው፤ በይሉኝታ የተለቀቀ ሐቅ ዑለማዎች ዘንድ እንደተሰጠ አይቆጠርም። አላህ (ሱ.ወ) ለሴቶችም ወላጆችና ዘመዶች ከተውት፣ ቢያንስም ቢበዛም፣ ድርሻ እንዳላቸው ሱረቱ ኒሳእ ላይ ደንግጓል። እኛ ግን አንድ አምስተኛውን በልተን በ10 ኪሎ ስኳር እንዘይራቸዋለን።

አባቴ ሞቷል፣ ውርሱንም ተካፍለናል። ዕዳ ከውርስ ክፍፍል በፊት መከፈል ነበረበት፤ አልከፈልንም። ስለዚህ የእሱ ድርሻ 6,000 ብር እኛ ልጆቹ ላይ ነበር። አዲስ አበባ ስንመለስ ኡስታዛችንን ጠየቅን። የያኔው ብርና የዛሬው ብር አንድ ስላልሆነ ከባለ ሐቋ ጋር ተነጋግራችሁ በስምምነት ጨርሱ፣ ያውም እሳቸውን ሳታስጨንቁ አሉን። ደወልንላቸው። መጀመሪያ እምቢ አሉ፣ ቀጥለው አለቀሱ፣ በሦስተኛው ስልክ «ጣሪያው ያፈሳል» አሉ። ጥር ላይ ወንድሜ ሄዶ ከኮምቦልቻ ቆርቆሮ ገዝቶ አስመታላቸው፤ የቀረውን በእጃቸው ሰጣቸው። ሲቀበሉ እንደ ስኳሩ አልመረቁትም አለን። ቆጥረው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

የአጎቴ 6,000 ግን ቀርቷል። ስንነግራቸው «የሞተ አባታችሁን አዋረዳችሁት» አሉን፤ ከዚያ ወዲህ የእኛን ስልክ አያነሱም። የሚኖሩት ከሚሴ ነው። ዘንድሮም በነሐሴ ኢንሻአላህ እንወጣለን። እንደ ወትሮው ከሆነ ከሚሴን ለሻይ እንኳ ሳንወርድ ማለፍ ይቀለን ነበር፤ ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነው፣ መኪናችንንም አያውቁትም። ግን የመጀመሪያው ማረፊያችን እሳቸው ቤት እንዲሆን ወስነናል። ስለ ብሩ እኛ አናነሳም፣ እሱን ኡስታዛችን በሽማግሌ ይዘውታል። እኛ የምንሄደው ለጥየቃ ነው፣ ስኳሩም ቡናውም ተገዝቷል። ከሚሴ የምንደርሰው ዙሁር ገደማ ነው፤ በሩ ካልተከፈተልን መስጊዱ ቅርብ ነው፣ ሰግደን ተመልሰን እናንኳኳለን።