ነፋስ ሲደክም፦ የትንሽ የሸራ ጀልባ ፊዚክስ

የሸራ ጀልባ ውድድር ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚሣለው በብርቱ ነፋስ የተወጠረ ሸራና ማዕበሉን እየሰነጠቀች የምትከንፍ ጀልባ ነው። ይሁን እንጂ ነፋስ የተወዳዳሪን ፈቃድ አይጠብቅም። በፓሪስ ኦሊምፒክ ሐምሌ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በማርሴይ የባሕር ዳርቻ ሊካሄዱ የነበሩት የባለ አንድ ሰው ጀልባዎች የሜዳልያ ውድድሮች በነፋስ እጦት ለማግሥቱ ተላልፈዋል። ነፋሱ ፈጽሞ ሳይጠፋ ሲዳከም ግን ውድድሩ ይቀጥላል፤ ያን ጊዜም ከጡንቻ ይልቅ እርጋታና የተፈጥሮን ሕግ ማወቅ ይበልጣል። ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

የጉልበት እጥረት

ነፋስ በሸራ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። በኦሊምፒክ የወንዶች ውድድር የምናያት፣ ቀድሞ ሌዘር ትባል የነበረችው ጀልባ ርዝመቷ 4.2 ሜትር ያህል፣ የሸራዋ ስፋት ደግሞ 7 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ በሰከንድ 6 ሜትር ሲነፍስ በሸራው ላይ 150 ኒውተን ያህል ጉልበት ይገኛል። ፍጥነቱ ወደ 2 ሜትር ሲወርድ ጉልበቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ሳይሆን ወደ አንድ ዘጠነኛ፣ ማለትም ወደ 17 ኒውተን ያሽቆለቁላል። ይህም 1.7 ኪሎ ግራም ዕቃ በእጃችን ስንይዝ ከሚሰማን ክብደት አይበልጥም።

ጀልባዪቱና ተወዳዳሪው በአንድነት 160 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ በኒውተን ሁለተኛ ሕግ መሠረት ይህ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ቢገፋና ውኃው ምንም ባይቋቋም እንኳ በሰከንድ 1 ሜትር ፍጥነት ለማግኘት ከ9 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። በተግባር ውኃው ስለሚቋቋምና ከጉልበቱም ከፊሉ ወደ ጎን ስለሚገፋ ጊዜው ይረዝማል። ስለዚህ በደካማ ነፋስ የጠፋ ፍጥነት በቀላሉ አይመለስም። ጸሐፊው በውጭ አገር ተማሪ ሳለ በአንድ ሐይቅ ላይ ነፋስ የት እንዳለ ለማየት ድንገት ብድግ ብሎ ጀልባዋን አናወጣት፤ ሸራው ተርገፈገፈ፣ ጀልባዋም ቆመች። እንደገና እስክትንቀሳቀስ ድረስ አራት ጀልባዎች አልፈዋት ሄዱ።

የውኃው ሰበቃ

ውኃ ጀልባን በዋናነት በሁለት መንገድ ይቋቋማል፦ ጀልባዋ በምታስነሣው ማዕበልና በገላዋ ላይ በሚደርሰው ሰበቃ። በዝግታ ስንጓዝ የማዕበሉ ድርሻ እጅግ ስለሚያንስ ዋናው ባላንጣ ሰበቃ ይሆናል። ሰበቃ ደግሞ ውኃ በነካው ገላ ስፋት ልክ ይጨምራል። ልምድ ያለው ተወዳዳሪ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ የሚቀመጠው ሰፊውና ጠፍጣፋው የኋላ ክፍል ከውኃው ቀና እንዲል ነው። ጀልባዋንም ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ጥቂት ያዘነብላታል። ይህ ውኃ የነካውን ስፋት ከመቀነሱም በላይ፣ ነፋሱ ሊነፋው ያልቻለው ሸራ በራሱ ክብደት ወርዶ ቅርጹን እንዲይዝ ይረዳል። ዘንበል ማለቱ ሲበዛ ግን መሪው ጀልባዋን ለማቅናት ዘወትር መጣመም ስላለበት ራሱ ልጓም ይሆናል።

እውነተኛው ነፋስና የሚሰማን ነፋስ

ጀማሪን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው ይህ ነው። በሰከንድ 2 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከጎን በቀጥታ ቢመጣና ጀልባዋ በሰከንድ 1 ሜትር ብትጓዝ፣ በጀልባዋ ላይ ላለ ሰው የሚሰማው ነፋስ የሁለቱ ውጤት ነው፦ ፍጥነቱ 2.2 ሜትር ገደማ፣ አቅጣጫውም ከፊት ለፊት 63 ዲግሪ። አሁን እውነተኛው ነፋስ አቅጣጫውን ሳይለውጥ ወደ 1 ሜትር ቢወርድ፣ ጀልባዋ ገና ፍጥነቷን ስላላጣች የሚሰማው ነፋስ ወደ 45 ዲግሪ ይጠጋል። ጀማሪው «ነፋሱ ዞረ» ብሎ መሪውን ያዞራል፤ ያለችውን ጥቂት ፍጥነትም ያባክናል። አስተዋዩ ግን ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል። ጀልባዋ ስትዘገይ አንግሉ ከተመለሰ ነፋሱ የደከመ እንጂ የዞረ አልነበረም።

ሸራውን በተመለከተም ትዕግሥት ያስፈልጋል። ደካማ አየር በሸራው ጀርባ ላይ ተጣብቆ መታጠፍ ስለሚያዳግተው፣ ገመዱን አጥብቆ የሚስብ ሰው ፍሰቱን ከሸራው ያላቅቀዋል። በሸራው ጀርባ ላይ የተለጠፉት ክሮች ወደ ኋላ በሰላም ሲፈስሱ ፍሰቱ ደኅና ነው፤ ሲወራጩ ገመዱን ላላ ማድረግ ይገባል።

የውኃውን ገጽ ማንበብ

ቀጣዩ የነፋስ ሽውታ ከወዴት እንደሚመጣ የሚናገረው ውኃው ነው። ሽውታው ያረፈበት ቦታ በጥቃቅን ሞገዶች ስለሚሸበሸብ ብርሃንን ከለስላሳው ገጽ በተለየ አቅጣጫ ያንጸባርቃል፤ ከሩቅም ጠቆር ብሎ ይታያል። የውድድሩ ደንብ ጀልባን በማወዛወዝ ወይም ሸራን እንደ ክንፍ ደጋግሞ በማርገብገብ መጓዝን ስለሚከለክል፣ ለተወዳዳሪው የሚቀረው ያለውን ጥቂት ጉልበት አለማባከንና ወደ ጠቆረው ውኃ አስቀድሞ ማምራት ነው።

ለአንባቢ የቀረበ ጥያቄ፦ ከጎን በሰከንድ 3 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ፣ በሰከንድ 1.5 ሜትር በምትጓዝ ጀልባ ላይ የሚሰማው ነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ ምን ያህል ነው? አቅጣጫውን ከላይ ካለው የመጀመሪያ ምሳሌ ጋር ካነጻጸሩት ለምን አንድ እንደሆነ ያስረዱ።