ዘንድሮ ስንት እንሰት ይቆረጥ? የጓሮን ሒሳብ ደረጃ በደረጃ

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ዶዮገና የአንድ ቤት ስንቅ ጓሮ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ስንዴ በየዓመቱ ይዘራል፣ በየዓመቱ ይታጨዳል፤ ስህተትም ቢኖር እስከ መኸር ይታወቃል። እንሰት ግን እንደ ቦታው ከፍታና እንደ ዝርያው ለመድረስ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመት ይፈጃል። ዘንድሮ አብዝቶ የቆረጠ ቤት ጉድለቱን የሚያየው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ችግኝ መትከል ለዚያ ዓመት ረሃብ አይደርስም። እንግዲህ ወደፊት የሚያሳይ ሒሳብ ከማንኛውም ሰብል በላይ የሚያስፈልገው ለእንሰት ነው።

ሒሳባዊ ሞዴል ሲባል ብዙ ሰው ኮምፒዩተር ይታየዋል። ነገር ግን ለእንሰት ከተሠሩት ሞዴሎች አንዱ የሚጠይቀው ልኬትና ማባዛት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮበርት ሻንክ እና ቸርነት ኤርትሮ እንሰትን ሳይቆርጡ፣ ከቁመናው ልኬት ብቻ ምርቱን ለመገመት የሚያገለግል ቀጥተኛ መስመር ሞዴል አቅርበው ነበር። ያንን መንገድ ተከትለን ለአንድ ጓሮ የሚሆን ሒሳብ እንሥራ። የሚያስፈልገው ሜትር፣ ሚዛን፣ ደብተርና እርሳስ ነው። ከዚህ በታች ያሉት የጓሮ ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ በእነሱ ቦታ የራስዎን ያስገቡ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውንና ፍላጎቱን ይጻፉ

ጥያቄው ይህ ነው፦ ዘንድሮ ስንት ብንቆርጥ፣ ከአምስት ዓመት በኋላም ያንኑ ያህል መቁረጥ እንችላለን? ቀጥሎ በላተኛውን ይቁጠሩ። ከልጆቹ ሁለቱ ደቡብ አፍሪካ ሄደው ከሆነ አይቆጠሩም፤ ለትምህርት ከገጠር መጥቶ እናንተ ዘንድ ያረፈ የዘመድ ልጅ ካለ ይቆጠራል። ለአንድ ሳምንት ያህል ለምጣድ የሚወጣውን ቆጮ ይመዝኑ። ስድስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 2.4 ኪሎ ቢጠቀም በዓመት 876 ኪሎ ይሆናል። ለያሆዴ ወይም ለመሳላ በዓል የሚወጣው ከዚህ የተለየ ስለሆነ በሌላ መስመር ይጻፍ።

ደረጃ 2፦ ጓሮውን በዕድሜ ከፋፍለው ይቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እንሰት አለን፣ ጓሮው ሙሉ ነው» ይባላል፤ ሲቆጠር ግን አብዛኛው የሁለት ዓመት ተክል ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የታተመ ስለ እንሰት በሰፊው የሚጠቀስ ጥናት ከ40 እስከ 60 እንሰት አምስት ስድስት ሰው ያለበትን ቤተሰብ ሊመግብ እንደሚችል ይገልጻል። ቁጥሩ ጠቃሚ መነሻ ነው፤ ይሁን እንጂ ዕድሜ የሌለበት ቁጥር ለውሳኔ አይበቃም።

እንሰት በዕድገቱ ጊዜ ከአንድ በላይ ይዛወራል። በየመዛወሪያው ያለውን ደረጃ የቤቱ እናት በስሙ ታውቀዋለች፤ በሐዲይኛም በከምባትኛም ለየደረጃው ስም አለ። ደብተሩ ላይ የሚጻፈው እሷ የምትጠራበት ስም ይሁን። እኛ ለምሳሌ እያንዳንዱ የአንድ ዓመት የሆነ አምስት ደረጃ እንይዛለን፤ አምስተኛው ለመፋቅ የደረሰው ነው። በአምበርቾ ተራራ አካባቢ ብርዱ ዕድገቱን ስለሚያዘገየው ስድስት ወይም ሰባት ደረጃ ሊያስፈልግ ይችላል። ሒሳቡ ለጎረቤት ስለሠራ ብቻ ለእናንተ ይሠራል ማለት አይደለም።

ደረጃ 3፦ አንዱ እንሰት ስንት ኪሎ እንደሚሰጥ መገመትን ይማሩ

በሚቀጥለው ጊዜ ሲፋቅ ከመቆረጡ በፊት ሁለት ነገር ይለኩ፦ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ የግንዱን ዙሪያ፣ ከዚያም ግንዱ ከመሬት ተነስቶ ቅጠሉ እስከሚለያይበት ያለውን ቁመት። ዙሪያውን በራሱ ያባዙ፣ ውጤቱን በቁመቱ ያባዙ። ዙሪያው ሁለት ጊዜ የሚገባው ግንዱ ክብ ስለሆነ ነው፤ ዙሪያው በትንሹ ሲጨምር ውስጡ ያለው ሥጋ በብዙ ይጨምራል። የተገኘውን የመጠን ቁጥር እንበለው።

ሦስት እንሰት ለካን እንበል። የመጀመሪያው ዙሪያው 1.0፣ ቁመቱ 1.6 ሜትር ነው፤ የመጠን ቁጥሩ 1.6። ሁለተኛው 1.2 እና 2.0፤ የመጠን ቁጥሩ 2.88። ሦስተኛው 1.5 እና 2.4፤ የመጠን ቁጥሩ 5.4። ቆጮው ሲመዘን በተራ 15፣ 25 እና 49 ኪሎ ሆነ። የኪሎው ድምር 89፣ የመጠን ቁጥሩ ድምር 9.88 ነው። 89ን ለ9.88 ስናካፍል 9 ገደማ ይወጣል። ሞዴላችን ይኸው ነው፦ የቆጮ ኪሎ ማለት 9 ጊዜ የመጠን ቁጥር።

አሁን ይፈትኑት። ሞዴሉን ለመሥራት ያልገባ አራተኛ እንሰት ይለኩ። ዙሪያው 1.25፣ ቁመቱ 2.2 ቢሆን የመጠን ቁጥሩ 3.44፣ ግምቱ 31 ኪሎ ነው። ሲፋቅ 27 ኪሎ ወጣ እንበል። ሞዴሉ አብዝቶ ተናግሯል ማለት ነው። ስለዚህ ለጥንቃቄ ከእያንዳንዱ ግምት 15 በመቶ እንቀንሳለን፤ እንደ አራተኛው ያለ የደረሰ እንሰት 26 ኪሎ ይያዝ። ያልተፈተነ ሞዴል ላይ የቤተሰብን ቀለብ መጣል አይገባም።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሁኔታ ይመዘን፤ ተፍቆ እርጥብ እንዳለ የተመዘነና ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ የተጨመቀ ቆጮ አይነጻጸሩም። ሁለተኛ፣ ዝርያዎችን አይቀላቅሉ፤ ቡላው የሚበዛውና ግንዱ የሚገዝፈው እንሰት የየራሱ ገጽ ይኑረው። ሦስት ተክልም መነሻ ነው፤ በተፋቀ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ይጨመር።

ደረጃ 4፦ የሚቆረጠውንና የሚተከለውን ያገናኙ

876 ኪሎ ለ26 ሲካፈል 34 ይሆናል፤ በዓመት 34 የደረሰ እንሰት ያስፈልጋል። 34 ለማግኘት ስንት ይተከል? ፍልፈል ይበላል፣ ጃርት ይቆፍራል፣ ድርቅ ያቀጭጫል። በየዓመቱ ከአሥር አንዱ ይጠፋል ብንል ከ52 ተክል በዓመቱ 47፣ ቀጥሎ 42፣ ቀጥሎ 38፣ በመጨረሻ 34 ይቀራል። ስለዚህ ይህ ቤት በየዓመቱ 52 መትከል አለበት። 20 ብቻ የሚተክል ከሆነ የሚደርስለት 13 ነው፤ 34 እየቆረጠ ከቀጠለ ጓሮው ባዶ የሚሆንበትን ዓመት ከወዲሁ መቁጠር ይቻላል።

የበልግ ዝናብ ሲከዳና እህል ሲወደድ አራተኛው ደረጃ ላይ ያለውን መቁረጥ ይመጣል። ዋጋውን አስቀድሞ ማየት ይበጃል። ዙሪያው 1.0፣ ቁመቱ 1.6 የሆነ እንሰት ከጥንቃቄው ቅናሽ በኋላ 12 ኪሎ ይሰጣል፤ አሥሩ 120 ኪሎ። ዓመት ቢታገሡ ከአሥሩ ዘጠኙ ይተርፋሉ፣ እያንዳንዱም 26 ኪሎ ይሰጣል፤ 234 ኪሎ። እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። በግ ሸጦ መሻገር የሚችል ቤት እንሰቱን ባይነካ ይሻለዋል።

ደረጃ 5፦ አጠውልግ ቢገባስ?

የእንሰት አጠውልግን ዳኛቸው ይርጉ እና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሳይንሱ ዓለም ካሳወቁት ወዲህ በሽታው የእንሰት አምራቹ ሁሉ ሥጋት ሆኖ ቆይቷል። ሞዴሉ ከሁሉ በላይ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። በአጠውልግ ምክንያት የዓመቱ ጥፋት ከ10 ወደ 25 በመቶ ቢያድግ፣ ከተተከሉት 52 የሚደርሱት 16 ብቻ ናቸው። 34 ለማግኘት 108 መትከል ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ መሬት ያለው ሰው በሀዲያም በከምባታም ብርቅ ነው። በተቃራኒው ጥፋቱ ወደ 5 በመቶ ቢወርድ ከዚያው 52 ተክል 42 ይደርሳል። ማለትም ድካምን ችግኝ በመጨመር ላይ ከማዋል ጥፋትን በመቀነስ ላይ ማዋል የበለጠ ይከፍላል።

ጥፋት የሚቀንሰው በታወቁ ነገሮች ነው፦ የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውን ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ሳያልፍ በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ፣ ከብት ጓሮ እንዳይገባ ማጠር፣ ከታመመ ጓሮ ችግኝ አለመቀበል። እንደ ወላይታው ማዚያ በሽታውን በመቋቋም የታወቁ ዝርያዎችንም መፈለግ ነው።

አጠውልግ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ስለሚሄድ በየዓመቱ እኩል አያጠፋም። ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ አዲስ የታመሙትን ይቁጠሩ፤ የዚህን ወር ቁጥር ላለፈው ወር ቁጥር ያካፍሉ። ሁለት የነበረው ስድስት ከሆነ ውጤቱ 3 ነው፤ በሽታው እየሰፋ ነውና ያን ቀን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ለአጎራባች ጓሮዎች ይነገር። ከ1 በታች ወርዶ ከቆየ የተወሰደው እርምጃ ሠርቷል ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ በየዓመቱ ይከልሱ

ያሆዴ ወይም መሳላ ሲያልፍ ደብተሩን ይክፈቱ፣ እንደገና ይቁጠሩ። ሞዴሉ 38 ይቀራል ብሎ 30 ከተገኘ፣ የጥፋቱን ቁጥር በእውነቱ ያስተካክሉ።

አንድ ልመና አለኝ፤ ለዞንና ለወረዳ የግብርና ቢሮዎች ነው። የእንሰት ችግኝ ሲታደል በሪፖርት የሚነበበው የታደለው ቁጥር ነው። ከዚያ ጎን ከአራት ዓመት በኋላ በሕይወት ያለው ቁጥር ይጻፍ። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ ሲያስቡ ከእናቶች ጋር ሆነው የጥቂት ቀበሌዎችን እንሰት ለክተው ቢመዝኑ፣ ለየዝርያው የሚሆነውን ቁጥር ለሁሉም ቤት ማድረስ ይቻላል። ሥራው ሜትርና ሚዛን ብቻ ይጠይቃል፤ የሚቀጥለው መፋቂያ ሳያልፍ ይጀመር።