ፎቶው የማን ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። ለሳይንስ ፕሮጀክት የዋሊያ ፎቶ ከጉግል አውርዶ ለጠፈ፤ ጽሑፉንም እንዳለ ገለበጠው። ስጠይቀው «ኢንተርኔት ላይ ያለው ሁሉ ነፃ ነው» አለኝ። ምን ልበለው? የትኛውን ድረ ገጽስ ልክፈትለት?

መልስ፦ አይቆጡት፤ እንደሱ የሚያስቡ ትልልቅ ሰዎችም ሞልተዋል። ጉግል ፈልጎ ያሳያል እንጂ የፎቶው ባለቤት አይደለም። ከሕጉ በፊት ግን ከራሱ ደብተር ይጀምሩ። እሱ የሳለውን ሥዕል ያንሡና «እኔ ነኝ የሳልኩት ብዬ ለአክስትህ ብልክላትስ?» ይበሉት። ፊቱ ሲለዋወጥ ያያሉ። ያን ጊዜ የቅጂ መብትን ማስረዳት ቀላል ነው።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ ጽሑፍ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። መረጃው ግን የማንም አይደለም፤ ዋሊያ በሰሜን ተራሮች እንደሚኖር በራሱ ቃል ቢጽፍ ጠያቂ የለውም። የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ካማረው በትእምርተ ጥቅስ ያስገባውና ጸሐፊውንና ምንጩን ይጥቀስ።

ለፎቶ ዊኪሚዲያ ኮመንስን ይክፈቱለት። ከየፎቶው ሥር አንሺው ማን እንደሆነና በምን ፈቃድ እንደተለቀቀ ተጽፏል፤ እርስዎ አያንብቡለት፣ ራሱ ይፈልገው። ለሂሳብ ካን አካዳሚ፣ ለሳይንስ ሙከራ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፌት ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱም ክፍያ አይጠይቁም። ታናናሾች ካሉት አፍሪካን ስቶሪቡክ ላይ በአማርኛም የሚነበቡ ተረቶች አሉ። ዳታ ካስቸገረዎት ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርደው ቤት ይዘውላቸው ይግቡ።