ድሪል በዋት ብቻ አይገዛም

በገበያ «ድሪል» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት መሰርሰሪያዎች ሥራቸው ለየቅል ነው። ተራው ፑንታውን ያሽከረክራል እንጂ አይመታም፤ ለእንጨትና ለብረት ያገለግላል። ባለመዶሻው በውስጡ ጥርስ ያላቸው ሁለት ክብ ብረቶች አሉት፤ ሠራተኛው ሲገፋው ጥርሶቹ እየተፋጩ ፑንታውን ያስመታሉ። ብሎኬትና ጡብ ይበሳል፤ አርማታ ላይ ግን ይለግማል። ሮታሪ ሀመር የሚባለው ፒስተኑ ባመቀው አየር ስለሚመታ አርማታን ያለ ብዙ ግፊት ይበሳል።

መለያው አፉ ነው። የሁለቱ አፍ ፑንታውን በሦስት መንጋጋ ይጨብጣል፤ ሮታሪው አብዛኛውን ጊዜ ቦይ የወጣለትን የኤስዲኤስ ፑንታ ያለ ቁልፍ ይጎርሳል።

ዋት ሞተሩ የሚስበውን ኃይል ይናገራል፤ የምት ጉልበት የሚለካው በጁል ነው። 800 ዋት የተጻፈበትን ባለመዶሻ በሮታሪ ዋጋ ገዝቶ የሸጠ ነጋዴ፣ ዕቃው አርማታ ላይ በተሞከረ ማግስት ደንበኛው ይመለስበታል።