የጄሶ ቅጂና ዋናው ሥራ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ከማንበባችሁ በፊት ግን «ቅጂ ምን ዋጋ አለው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ተወያዩ። በምንባቡ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምንባብ

ጄሶ ለማናችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ሐኪም የተሰበረ አጥንት ይጠግንበታል፤ ግንበኛም ግድግዳና ጣሪያ ያለሰልስበታል። ስሙ የመጣው ከኢጣልያንኛ ነው። በኢጣልያ አገር ጄሶ ከዚህ ሌላ አገልግሎት ነበረው፤ ይኸውም የታላላቅ ቀራጮችን ሥራ መቅዳት ነው።

ሬኔሳንስ በሚባለው ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት፣ የፍሎሬንስ ቀራጮች የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በእብነ በረድና በነሐስ ሰሌዳ ላይ ይቀርጹ ነበር። እነዚህ ቅርጾች እንደ ሐውልት ለብቻቸው የሚቆሙ አይደሉም፤ ጀርባቸው ከሰሌዳው ጋር ተያይዞ ፊታቸው ብቻ ጎልቶ ይወጣል። እብነ በረድ አስቀርጾ በቤቱ ማኖር የሚችለው ግን ባለጸጋ ብቻ ነበር። ስለዚህ ድንግል ማርያም ልጇን እንዳቀፈች የሚያሳዩት ቅርጾች በጄሶ እየተቀዱና ቀለም እየተቀቡ በመጠነኛ ዋጋ ይሸጡ ጀመር። ታላቁ ቀራጭ ዶናቴሎ በ1456 ላከመው ሐኪም፣ ለጆቫኒ ኬሊኒ፣ የሰጠው ክብ የነሐስ ቅርጽ ደግሞ ጀርባው ጎድጉዶ የተሠራው የቀለጠ ብርጭቆ ፈስሶበት ቅጂ እንዲወጣበት ነው። እንግዲህ ቅጂን ቀራጮቹ ራሳቸው አልናቁትም።

የአቀዳዱ ዘዴ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ጄሶው እንዳይጣበቅ የዋናው ሥራ ገጽ ሳሙና ወይም ዘይት ይቀባል። ከዚያም ጄሶ ይለጠፍበትና ፎርማ ይዘጋጃል። ቅርጹ ጎድጓዳ ስፍራዎች ካሉት ፎርማው በአንድነት ሊላቀቅ ስለማይችል ከብዙ ቁርጥራጭ ይሠራል። ቁርጥራጮቹ ተላቀው እንደገና ከተገጣጠሙ በኋላ በውሃ የተበጠበጠ ጄሶ ይፈስባቸዋል። ጄሶ ሲጠጥር በጥቂቱ ስለሚያብጥ የልብሱን እጥፋትና የጸጉሩን ዘለላ ሳይቀር ይይዛል። የቁርጥራጮቹ መጋጠሚያ በቅጂው ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ሊቀር ይችላል።

በ19ኛው መቶ ዓመት የጄሶ ቅጂ የትምህርት መሣሪያ ሆነ። ወደ ኢጣልያ ለመጓዝ አቅም የሌለው ተማሪ በአገሩ ሆኖ እንዲያጠና፣ በ1867 ዐሥራ አምስት የአውሮፓ ልዑላን ቅጂ ለመለዋወጥ ተስማሙ። በ1873 ለንደን ውስጥ፣ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ሙዚየም፣ ለቅጂዎች ታላላቅ አዳራሾች ተከፈቱ። ያኮፖ ዴላ ኴርቻ ለቦሎኛው የሳን ፔትሮኒዮ ቤተ ክርስቲያን የቀረጸው፣ የኦሪት ዘፍጥረትን ታሪክ የያዘው ትልቅ የደጃፍ ቅርጽ ቅጂ በዚያ ይገኛል። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን «ቅጂ ሐሰት ነው» የሚሉ በረከቱ። ብዙ ሙዚየሞችም ቅጂዎቻቸውን በመጋዘን ዘጉባቸው፤ ከነዚህም የተሰባበሩ አሉ።

ይህ ንቀት ትክክል እንዳልነበረ በበርሊን የደረሰው ጥፋት ያስረዳል። በ1945፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በፍሪድሪክስሃይን ምሽግ የተከማቹ ብዙ የሙዚየም ሥራዎች በእሳት ወደሙ። ከመካከላቸውም የሬኔሳንስ ቅርጾች ነበሩ። ሆኖም ከ1819 ጀምሮ በከተማው የሚሠራው የጄሶ መቅጃ ተቋም የአንዳንዶቹን ፎርማ ይዞ ስለነበር መልካቸው ፈጽሞ አልጠፋም። በ2015 በቦደ ሙዚየም በተዘጋጀ ትርኢት ሕዝቡ ከጠፉት ሥራዎች አንዳንዶቹን በጄሶ ቅጂ ለማየት ቻለ።

በእርግጥ ጄሶ የእብነ በረድን ጥራት የለውም፤ የቀራጩ እጅም አልነካውም። ቅጂ ሐሰት የሚሆነው ግን «ዋናው እኔ ነኝ» ብሎ ሲቀርብ ብቻ ነው። ቅጂነቱን ሳይደብቅ የቆመ ቅጂ ለሩቅ ሰው መምህር፣ ዋናው ሲጠፋም ምስክር ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ባላቸው ፍች መሠረት ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
ሰሌዳ፣ ባለጸጋ፣ ፎርማ፣ በረከቱ፣ ወደሙ

ለ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. ፎርማው አንዳንድ ጊዜ ከብዙ ቁርጥራጭ የሚሠራው ለምንድን ነው?
2. የ1867ቱ ስምምነት ለተማሪዎች ምን ጥቅም ያስገኝ ነበር?
3. ቅጂ ሐሰት የሚሆነው መቼ ነው? በዚህ አሳብ ትስማማላችሁን? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።