ብቻችሁን የውድድር መንገድ ልታዩ ስትወጡ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሩጫው ቀን ሳይሆን ከሱ በፊት ስላለው ቀን ነው። ሩጫ፣ ብስክሌትና ወንዝ መሻገር ያለበት የገጠር ውድድር ሲታሰብ አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ መንገዱን ማየት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚሄደው ከሁሉም ጎበዙ ልጅ ነው፤ ጎበዝ ስለሆነም ብቻውን ይሄዳል።

በውድድሩ ቀን እግሩ ወለም ያለው ሰው ከኋላው ሌላ ሯጭ ይደርስለታል። መንገድ ሊያይ የወጣው ግን በዚያችው ወለምታ ገደል ውስጥ ሊያድር ይችላል። ጉዳቱ አንድ ነው፤ የሚለየው እርዳታ እስኪደርስ የሚያልፈው ሰዓት ነው።

ዳኔል ባለንጂ የምትባል አሜሪካዊት በዚህ ዓይነት ውድድር ስሟ የታወቀ አትሌት ናት። በፈረንጆች ታኅሣሥ 2006 ዩታ ውስጥ ከውሻዋ ጋር ለልምምድ ወጥታ በረዶ አንሸራቷት ወደቀች፣ የዳሌ አጥንቷም ተሰበረ። ወዴት እንደምትሄድ ለማንም አልተናገረችም ነበር። ሁለት ሌሊት በብርድ ውስጥ አደረች። በመጨረሻ ፈላጊዎቹን መርቶ ያመጣላት ውሻዋ ነው። (ውሻ ይዛችሁ ውጡ ማለቴ አይደለም!)

ስለዚህ ከውኃም ከጫማም በፊት የሚቀድመው ለአንድ ሰው በግልጽ መንገር ነው። «ወደ ገጠር ወጣ ልበል» አይበቃም። «ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ በላህ ወንዝ በኩል ወርጄ በዚሁ መንገድ እመለሳለሁ፤ 12 ሰዓት ጠዋት ወጥቼ 5 ሰዓት እገባለሁ፤ 7 ሰዓት ድረስ ካልደወልኩ ፈልጉኝ» በሉ። ከዚያ መንገዱን አትቀይሩ። ከቀየራችሁ ኔትወርክ ካለበት ቦታ ደውላችሁ አሳውቁ፤ ሸለቆ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ስልኩ ላይሠራ ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፣ የቅርቡን ጤና ጣቢያ ቁጥርም ቀድማችሁ ያዙ። ደግሞ የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ አትግቡ። በቁምጣ ሆኖ ስልክ እያወጣ ዱካ የሚለካ እንግዳ ጥርጣሬ መፍጠሩ አይቀርም፤ መንገዱ ሰላም መሆን አለመሆኑን የሚነግሯችሁም እነሱ ናቸው።

ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ወደ ብር ሸለቆና ወደ ዓባይ በኩል በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። ቁልቁለቱ ቀላል ነው፤ ዳገቱ የሚመጣው ሲደክማችሁና ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ያዙ። ብዙ ሰዓት እያላባችሁ ባዶ ውኃ ብቻ ከልክ በላይ ብትጠጡ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀንሳል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ይመጣል። ውኃችሁ ግማሽ ሲሆን ተመለሱ።

ወለምታ ሲያጋጥም በዚያ እግር አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ እንደ ስብራት ቁጠሩት። ወጌሻ ጋ ከማሸት በፊት ራጅ ይነሳ። መራመድ ከቻላችሁም ዳሰሳውን እዚያው አቁሙና ሰው ወዳለበት ተመለሱ፤ «ትንሽ ቀርቶኛል» የሚባል ነገር የለም።

እባብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጉዳት የሚያደርሱ ነገሮች አሁንም ሲደረጉ እናያለን። እባብ ከነደፋችሁ በምላጭ አትብጡት፣ በአፍ አትምጠጡት፣ በገመድ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሰሩት፣ ጥቁር ድንጋይም መርዝ አያወጣም። እባቡን ለመግደል አታሳዱ። እብጠት ሳይመጣ ቀለበት፣ ሰዓትና ጫማ አውልቁ። የተነደፈው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ በዱላና በጨርቅ ደግፉት፣ ደውሉ፣ ጩኹ፣ ሰው ይሸከማችሁ። ብቻችሁን ሆናችሁ ማንም ካልመጣ ብቻ ቀስ ብላችሁ፣ ሳትሮጡ፣ በአቅራቢያ ወዳለው ቤት ሂዱ። መድኃኒቱ በየጤና ኬላው አይገኝም፤ የሚወስዷችሁ ሰዎች ቀድመው ደውለው የት እንዳለ ይጠይቁ።

የገጠር ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ የሚቀመም ሥር እየጠጡ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

በክረምት ላህም ሆነ ብር እናንተ ባላችሁበት ባይዘንብም ከላይ ዘንቦ ሊሞላ ይችላል። ከጉልበት በላይ የሆነና የሚፈጥን ውኃ ብቻችሁን አትሻገሩ። በበጋ አይታችሁ «ይሻገሩታል» ብላችሁ የጻፋችሁትን መልካ በክረምት እንደገና እዩት። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከጉብታው ውረዱ፣ ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥርም አትጠለሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ቤት ከገባችሁ በኋላ ይመጣል። ቆላ በወረዳችሁ ከሳምንት ገደማ ጀምሮ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከያዛችሁ «የሩጫ ድካም ነው» ብላችሁ ማስታገሻ እየዋጣችሁ አትተኙ። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ወባ ይበዛል። በዚያው ቀን ተመርመሩ፤ ለሚያያችሁ ባለሙያም የትኛው ቆላ ወርዳችሁ እንደነበርና መቼ እንደሆነ ንገሩት።