ሰልፋሚክ አሲድ፦ በኪሎ ዋጋ ብቻ የማይመዘን ሸቀጥ

የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በተቋቋመባት ቡልቡላም ሆነ በአዳማ፣ ቦይለር የተከለ ባለሀብት የማያመልጠው አንድ ወጪ አለ። እርሱም ውሃ ሲፈላ ቱቦ ላይ የሚጋግረውን የኖራ ቅርፊት የማስወገድ ወጪ ነው። ቅርፊቱ ሙቀት እንዳያልፍ ስለሚያግድ ነዳጅ ያስበላል፤ ሲወፍርም ቱቦውን ለቃጠሎ ያጋልጣል።

ለዚህ ሥራ ከሚፈለጉት ኬሚካሎች አንዱ ሰልፋሚክ አሲድ ነው። ነጭ፣ ሽታ የሌለው ደቃቅ ጠጠር ሲሆን በከረጢት ይሸጣል። አዳማ አጠገብ በአዋሽ መልካሳ የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ እያለ ሌላ አሲድ ለምን ይገዛል የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ሆኖም ሰልፈሪክ አሲድ ኖራውን ወደ ጄሶ ይለውጠዋል፤ ጄሶ ደግሞ በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ርካሹ አሲድ ለባትሪ እንጂ ለዚህ አይሆንም።

እውነተኛው ተፎካካሪ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። አንድ ኪሎ የካልሲየም ካርቦኔት ቅርፊት ለማሟሟት 1.94 ኪሎ ሰልፋሚክ ያስፈልጋል። በ33 በመቶው ሃይድሮክሎሪክ ከሆነ 2.2 ኪሎ ያህል ይፈጃል። በክብደት የሚራራቁ አይደሉም። ሃይድሮክሎሪክ ግን ፈሳሽ ነው፤ በመንገድ ይፈሳል፣ ጭሱ ሳንባ ያቆስላል፣ የወተት ማቀነባበሪያ የሚሠራበትን የማይዝግ ብረትም ይበሳል። የዋጋ ንጽጽር ይህን ኪሳራ ካልጨመረ ንጽጽር አይባልም።

ሰልፋሚክም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። በስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ የሚያልፍ ውሃ ሲሊካ ሊይዝ ይችላል፤ የሲሊካ ቅርፊት ደግሞ በዚህ አሲድ አይነካም። ስለዚህ ከግዢ በፊት ጥቂት ቅርፊት ፈርፍሮ በአሲዱ ውህድ ውስጥ መጣል ነው። አረፋ ከሰጠ ካርቦኔት አለበት፤ ካልሰጠ ገንዘቡ በኪስ ይቆይ።

አበጣጠሱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ምንጊዜም አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ አሲዱ እየፈረሰ ኃይሉን ያጣል። ለተራ ብረት የዝገት መከላከያ ይጨመርበታል፤ ዚንክ የተለበጠ ዕቃ ግን ከናካቴው አይታጠብበትም። ጋዙ መውጫ እንዲያገኝ የቦይለሩ ማስተንፈሻ ክፍት ይሁን። ሠራተኛው የዓይን መነጽርና የጎማ ጓንት ያድርግ። ከሁሉ የከፋው ከበረኪና ጋር መቀላቀሉ ነው፤ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሰው ይገድላል።

የታጠበበት ፈሳሽም እንዲሁ ወደ ወንዝ አይለቀቅም። የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ተነሥቶ የሚገባው አቢጃታ ሲሆን፣ አቢጃታ ደግሞ መውጫ የለውም። ሳይሠራ የቀረውን አሲድ ለማክሸፍ በኪሎ 550 ግራም ያህል ሶዳ አሽ ይበቃል፤ ሶዳ አሽ ራሱ ከዚያው ከአቢጃታ ውሃ ሲመረት የኖረ ሸቀጥ ነው።

ደላላው ናሙና ሲያቀርብ ከረጢቱ ላይ ዩኤን 2967 የሚለው የአደገኛ ጭነት ቁጥር መኖሩ ይታይ። ዱቄቱ እርጥበት ጠጥቶ ከተጋገረ ዋጋው እንደገና ይነጋገርበት።